የሞተሩ መብራት እያስጠነቀቀ «ንጂ» ያልኩት እኔ ነኝ

የምስክር ቃል (ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ)

ቃል ሰጪ፦ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መምህር፤ በሥራ ቦታው «ቀበቶ» በሚል ቅጽል ይታወቃል
ዕድሜ፦ 47
አድራሻ፦ ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቀን፦ ዓርብ፣ ግንቦት 8፣ ከቀትር በፊት
ቃል ተቀባይ፦ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ሳጅን

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ቃል ሰጪ ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። ረቡዕ ጠዋት ድልድዩ ላይ ስለደረሰው የሞተር ብስክሌት አደጋ እዚያው አስፋልት ላይ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ እውነቱን ለማስመዝገብ ነው።

መኪናዋ የእኔና የባለቤቴ ናት። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ስትሆን መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ቢጫው የሞተር መብራት እንደበራ ነገረችኝና ጋራዥ እናሳየው አለችኝ። እኔም መብራቱ የሚበራበት ምክንያት ብዙ እንደሆነ፣ የነዳጅ ክዳን ካልጠበቀ እንደሚበራ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር ሲያረጅ እንደሚበራ፣ ካንዴላ ሲያልቅ ወይም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ሲደክምም እንደሚበራ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው አድርጌ አስረዳኋት። ከዚያ ወርጄ የነዳጁን ክዳን አጠበቅኩና ችግሩ ይሄው ነበር፣ መብራቱም ትንሽ ሲነዳ በራሱ ይጠፋል አልኳት። ክዳኑ ግን ቀድሞውንም ጥብቅ ነበር። ያዞርኩ አስመሰልኩ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ጋራዡ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ንብረት ነው። አፈኛ ስለሆነ፣ መምህሩ የመኪናው በሽታ ጠፍቶት መጣ ብሎ በዘመድ ፊት እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ነው ያልወሰድኳት።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ባለቤቴ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። ዳገቱን እንደጀመርን መኪናዋ መንቀጥቀጥና ጉልበት ማጣት ጀመረች፤ የቃጠሎ ሽታም መጣ። እስከዚያ ዝም ብሎ በርቶ የቆየው መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። እኔ ለሠልጣኞቼ፣ መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ አድርሱት፣ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ዳር ይዛችሁ አቁሙ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ባለቤቴም ከእኔው የተማረችውን ይዛ ዳር ልያዝ አለችኝ። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሰፊ ቦታ ነበር። እኔ ግን፣ «ንጂ ዝም ብለሽ፣ ምንም አይሆንም» አልኳት። እዚያ ከቆምን የክዳኑ ነገር ውሸት እንደነበር ይታወቅብኛል ብዬ ነው።

ድልድዩ መሀል ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ድልድዩ ዳር የሚያዝበት ቦታ የለውም። ባለቤቴ ወዲያው የአደጋ መብራት አበራች። እኔ የማስጠንቀቂያውን ምልክት ከኋላ ላወጣ ስወርድ፣ ከበስተኋላችን ይመጣ የነበረ መድኃኒት አመላላሽ ሞተረኛ እኛን ሊያልፍ ሲል ከድልድዩ ብረት ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። እግሩ ተሰብሮ ደሙ ይፈስ ነበር። እኔ ክው ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ሮጣ ደረሰችለት፤ በአንገት ልብሷ ደሙን አፍና፣ እግሩን በጃንጥላዬ ደግፋ አሰረችው።

ሰው ተሰበሰበ። ከመካከላቸው ሁለቱ የእኔው ሠልጣኞች ነበሩ፤ አንደኛው መኪናዋ ያንተ ናት እንዴ መምህር ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ሰው ሁሉ የነዳችው ሴት ናት እያለ ይሰድባት ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ ድልድይ ላይ ለምን እንደቆምን ሲጠይቅ ባለቤቴ ከቁስለኛው አጠገብ ተንበርክካለች። ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነኝ። «ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቃው ነው ያጠፋችው። ስንቴ ነግሬያታለሁ» አልኩ። ሰው ሳቀ። ፖሊሱ ጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቁስለኛው ተመለሰች። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም።

ትናንት መንጃ ፈቃዷ እንደተያዘና በቸልተኝነት እንደምትጠየቅ የሚገልጽ መጥሪያ ደረሳት። መኪናዋን ጎትቶ የወሰደው ወንድሟም ቤት መጥቶ፣ አንዱ ኮይል መሞቱን፣ ፍሪሲዮኑ ግን ምንም እንከን እንደሌለበት ነገረን። ይኼን ዝም ብላችሁ ነው የነዳችሁት ወይ ብሎ ሊቆጣ ሲል ባለቤቴ አቋረጠችው። እሱ ያውቀዋል አለችው፣ እኔን ሳታየኝ። ወንድሟም ሁለታችንንም አየት አድርጎ፣ ነገሩ ገብቶት መሰለኝ፣ ተነስቶ ወጣ። እንደሚስቅብኝ ስፈራው የኖርኩት ሰው አልሳቀም።

ብቻችንን ስንቀር ያን ጊዜ ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኳት። የሥራ ልብሷን እያጠፈች ነበር።

«እጄ ሰው ይዞ ነበር» አለችኝ። «ያንተ እጅ ግን ባዶ ነበር።»



ዛሬ ጠዋት ሞተረኛውን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ማንነቴን አላወቀም። ሴትዮዋን የማውቃት ከሆነ እንዳመሰግንለት፣ ቶሎ ባታስረው ኖሮ እግሩ ይቆረጥ እንደነበር ሐኪሞቹ እንደነገሩት አጫወተኝ። ቀጥሎም፣ «ባሏ ነው አሉ እንዲያ ያዋረዳት። ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አላልኩትም። እግዜር ይማርህ ብዬው ወጣሁና በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

መኪናዋ የጠፋችው በባለቤቴ ጥፋት አይደለም። ላቁም ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ። ለደረሰው ሁሉ ልጠየቅ የሚገባኝም እኔ ነኝ።

የረቡዑ ቃሌ ከመዝገቡ እንዲወጣልኝ መርማሪውን ለምኜ ነበር፤ እሱ ግን ቃል አንዴ ከተሰጠ እንደማይወጣ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን እንደሚቀመጡ፣ ባለቤቴም ሁለቱንም የማንበብ መብት እንዳላት አስረድቶኛል። ታንብበው ብያለሁ። ይህ የዛሬው ቃሌ ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት ሆኖ ስላገኘሁት፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________