መሳቢያ ውስጥ የከረመች አስተማሪ

ካርቱም ገና ሰላም በነበረችበት በዚያ ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ልብስ ሰፊው አቶ ጀምበሬ ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር ክርና ዚፕ ገዝተው ወደ ሰፈራቸው ወደ ሳጃና ለመመለስ ሀፍላ የሚሉትን የከተማ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ገና በአምስት ሰዓት ፀሐይዋ የአውቶቡሱን ወንበር እንደ ካውያ አግላዋለች። መሐረባቸውን አንጥፈው ሲቀመጡ ከጎናቸው ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ዐሞ ጀምበሬ! ወላሂ እግዚአብሔር ነው ያገናኘን። ወደ እርስዎ ሱቅ እየመጣሁ ነበር።»

ዘመናይ ነበረች። አባቷ ከአቶ ጀምበሬ ጋር በወጣትነት ድንበር ተሻግሮ የመጣ፣ ስንት ዓመት አንድ ክፍል ተጋርተው የኖሩ ጓደኛቸው ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ልጅቷን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት። ካርቱም ተወልዳ፣ ካርቱም ተምራ፣ በሒሳብ መምህርነት ተመርቃለች። አማርኛዋ ላይ ዐረብኛ ጣል ጣል ታደርግበታለች፤ አጎት ለማለትም እንደ አገሬው ልጆች «ዐሞ» ነው የምትለው።

«ምነው በደህና? እናትሽ ጸሐይወርቅ ደህና ናት?»

«እሷ ደህና ናት። እኔ ነኝ የተቸገርኩት። ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት የሸሃዳዬን፣ የምስክር ወረቀቴን ኦርጅናል ካላሳየሁ ሥራዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«የምን ሥራ?»

«እዚሁ ካርቱም ሁለት ሰፈር አንድ መርከዝ አለ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያስጠና። የመርከዙ ባለቤት ሲት ሙኒያ ሦስት ቀን ሳስተምር አየችኝና ወደደችኝ። ግን ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ዋናው ወረቀት መታየት አለበት አለች። ነገና ቅዳሜ ዝግ ነው፤ እሑድ ደግሞ ልጆቹ ይገባሉ።»

ወረቀቱ የት እንዳለ አቶ ጀምበሬ ጠፍቷቸው አይደለም። የእኛ ሰዎች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ በርዕሰ መምህሩ በመምህር ሰሎሞን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ዓመት ከአራት ወሩ። እዚያ ለመምህርነት ስታመለክት ራሳቸው ነበሩ ልጅቷን ይዘው ሄደው ዋናውን ያስቀመጡት። በሳጃና ሽማግሌዎች ዘንድ ዋናውን የምስክር ወረቀት አስቀምጦ መውጣት ቀለበት እንደ ማሰር ነው፤ «ሌላ ቦታ ዓይኔን አልጥልም፣ የእናንተ ነኝ» ማለት ነው። ቅጂ የሚሰጥ ሰው ልቡ የሸፈተ ይመስላቸዋል።

«ሙዲሩ፣ መምህር ሰሎሞን ጋ ሁለት ጊዜ ሄድኩ» አለች ዘመናይ። «‹ያስረከቡኝ ጋሼ ጀምበሬ ናቸው፤ እሳቸው ይምጡ› አለኝ። ለምን? ወረቀቱ የኔ አይደለም?»

አቶ ጀምበሬ ላባቸውን ጠረጉ። ለምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ያን ቀን ልጅቷ ከቢሮው ስትወጣ ወደ ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው፣ «ለእሷ በእጇ እንዳትሰጥ፤ ወረቀቷን ይዛ ባሕር ልሻገር ብትል እናቷን ምን ብዬ አያታለሁ?» ብለው ነበር። ይህን ግን አሁን አልተናገሩም። ይልቅስ ተቆጡ። ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው መቼም ቁጣ አያጣም።

«ስሚ፣ ልጄ። ወረቀትሽን ያነሳሽ ቀን ተራሽም አብሮ ተነሳ።»

«የቱ ተራ፣ ዐሞ? ባለፈው ዓመት ሁለት አስተማሪ ቀጠሩ። ያመለከትነው ከሠላሳ በላይ ነን። አስተማሪ ታሞ ወይ አገር ለቆ ካልሄደ ቦታ የለም። እኔ ደግሞ ሰው እንዲታመም መጸለይ ጀመርኩ፤ ይሄ ደግ ነው?»

«አፍሽን!» አሉ፤ ሊስቁ ግን ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። «ቢሆንስ፣ መርከዝ ምንድን ነው? ክር ልገዛ ስሄድ የማየው፣ ፋርማሲ ላይ የተቀመጠ አንድ ፎቅ። ሜዳ የለው፣ ደወል የለው። አስተማሪ የሚከበረው በትምህርት ቤት ነው።»

«እርስዎስ የት ነው የሚሰፉት?»

«ሱቄ ነዋ።»

«የዘይት መጋዘን የነበረው ሱቅዎ። ሠርግ የሚሄድ ሰው ሱሪ ሲያሰፋ ‹እዚህ ዘይት ነበረ› ብሎ ይመለሳል?»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ አማርኛ የሚሰማ ተሳፋሪ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አቶ ጀምበሬ ዞረው ገላመጡት።

ዘመናይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዐሞ፣ ላሾፍብዎት አይደለም። ደንበኛ ልብስ አሰፍቶ ሳይወስደው ዓመት ቢቆይ ምን ያደርጋሉ?»

«ሸጬ የጨርቄን አወጣለሁ።»

«እኔ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። መምህር ሰሎሞን ቢሸጠኝ ይሻለኝ ነበር። ማስተማር እኮ እንደ ስፌት ነው፤ እጅ ሲቆም ይረሳል። መርከዙ ውስጥ የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ፊት ስቆም ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ዘምዘም የምትባል ልጅ አለች፤ ክፍልፋይ ስታይ ታለቅሳለች። ሁለት ቀን ዳቦ እየቆረስኩ አሳየኋት። በሦስተኛው ቀን ጠመኔውን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ሠራችው። ያን ቀን ነው፣ ወላሂ፣ አስተማሪ መሆኔ ትዝ ያለኝ።»

ልጅቷ የምትለው ለአቶ ጀምበሬ ገብቷቸዋል፤ ፍርሃታቸው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሳጃና ሲደርሱ ወርደው፣ ጥላ ያለበት ግድግዳ ሥር ቆሙና ቁርጥ ሐሳባቸውን ተናገሩ።

«ቃል እንገባባ። አሁን አብረን ሰሎሞን ጋ እንሄዳለን። ‹በዚህ ቀን እቀጥራታለሁ› ብሎ ቀን ከቆረጠልን ትጠብቂያለሽ። ቀን ካጣ ወረቀትሽን ትወስጃለሽ።»

«‹ኢንሻአላህ› ካለስ? ‹ቡክራ፣ ነገ› ካለስ?»

«ኢንሻአላህ ቀን አይደለም። ቡክራም ቀን አይደለም። በዚህ አልከራከርሽም።»

«ኸላስ፣ ተስማማሁ» አለች ዘመናይ። ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

መምህር ሰሎሞን ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። አርባዎቹን ያገባደደ፣ ሸሚዙ ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነው። አቶ ጀምበሬ ሰላምታውን አሳጠሩት።

«ሰሎሞን፣ እንዳታባብለኝ። ይቺ ልጅ መቼ ትቀጠራለች?»

ርዕሰ መምህሩ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ዘንድሮ ቦታ የለም። የሚመጣው ዓመት እንዲኖር እመኛለሁ፣ ቀን ልቆርጥ ግን አልችልም።»

«ታዲያ ቦታ ከሌለህ የሰው ልጅ ወረቀት ለምን ይዘህ ትቀመጣለህ?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር። መምህር ሰሎሞን ግን አልተቆጣም። ግራ እንደገባው ሰው አያቸው።

«ጋሼ፣ እኔ መቼ ኦርጅናል አምጡ አልኩ? ‹ቅጂ ይበቃኛል፣ ቦታ ሲገኝ እደውላለሁ› ስል ‹ንቀኸን ነው› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ‹ለእሷ በእጇ እንዳትሰጥ› ብለው ያስማሉኝስ እርስዎ አይደሉም?»

ከግድግዳው ባሻገር ልጆች የማባዣ ሠንጠረዥ በዜማ ሲሉ ይሰማል። ዘመናይ ቀስ ብላ ወደ አቶ ጀምበሬ ዞረች።

«ዐሞ?»

አቶ ጀምበሬ ከዚህ በኋላ መሸሻ አልነበራቸውም፤ ደግሞም አልሸሹም። «ብያለሁ» አሉ። «ባሕር እንዳትሻገሪብኝ ፈርቼ ነው። ስንቱ እንደ ወጣ ቀረ። አባትሽ ‹አደራ› ብሎኝ ነው የሞተው።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም። «ባሕር ለመሻገር ሸሃዳ የሚጠይቅ የለም፣ ዐሞ። መሄድ ብፈልግ ያለ ወረቀት እሄድ ነበር። ወረቀቱ የሚያስፈልገኝ ለመቅረት ነው። እርስዎ የቆለፉት መሄጃዬን አይደለም፤ መቀመጫዬን ነው።»

መምህር ሰሎሞን እንዲረጋጉ ጊዜ ልስጣቸው ብሎ ይሁን እንጃ፣ መሳቢያውን ስቦ ወረቀቱን መፈለግ ጀመረ። አቶ ጀምበሬ አንገታቸውን አስግገው አዩ። አንዱ ላይ አንዱ ተደራርቧል፤ ማኅተም ያለው፣ ጥግ ጥጉ የተጠቀለለ፣ አንደኛው ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አሻራ ያረፈበት።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የልጆቻችን ነው፣ ጋሼ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ይሄ የወይዘሮ ሬሕማ ልጅ የሀዋ ነው፤ ካፉሪ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት ወለል ትወለውላለች። ይሄ የምስጋናው ነው፤ ሲሚንቶ ይሸከማል። ሁሉንም አባት ወይ እናት፣ ወይ እንደ እርስዎ ያለ የተከበረ ሰው ነው ይዞልኝ የመጣው። ውሰዱ ስላቸው ‹አባረርከን ወይ?› ይሉኛል።»

አቶ ጀምበሬ በዚያች መሳቢያ ውስጥ መደዳ የተቀመጡ አሥራ ዘጠኝ አስተማሪዎችን ያዩ መሰላቸው። ማንም ክፉ ሰው አላሰራቸውም፤ በፍቅርና በክብር ነው የታሰሩት። ይሄ ነገር ከቁጣው ሁሉ ይልቅ አንገታቸውን አስደፋቸው። የዘመናይን ወረቀት ከሰሎሞን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ይቅርታ፣ ልጄ። አባትሽ በሕይወት ቢኖር ዛሬ እኔን ነበር የሚገሥጸኝ።» ከዚያም ወደ ሰሎሞን ዞረው፣ «ከመሄዳችን በፊት ቅጂ አንሥተህ አስቀር። አንተ እንዳልከው ይበቃሃል» አሉ።

ማባዣ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ የተቁነጠነጡት እሳቸው ነበሩ። ወጥተው ሪክሻ ያስቆሙትም እሳቸው፣ «ያላ! ያላ!» እያሉ ሹፌሩን የጨቀጨቁትም እሳቸው። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ፋርማሲው ላይ ያለውን ፎቅ ወጡ። ሲት ሙኒያ ወረቀቱን ከመስኮቱ ብርሃን አንጻር አየችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰች፣ መለሰችላትም። «እሑድ ዘጠኝ ሰዓት» አለች በዐረብኛ። አቶ ጀምበሬ ክፍሉን ቃኙት። ሜዳ የለውም፣ ደወልም የለውም። ግድግዳው ላይ ግን የተቆረሰ ዳቦ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥሩም የልጅ እጅ ቁጥር ጽፎበታል።

በማግስቱ አርብ የእድር ስብሰባ ነበር። አቶ ጀምበሬ ተነሥተው መሳቢያውን እንዳዩት ተናገሩ፤ የራሳቸውንም ጥፋት አልደበቁም።

አንዱ ከወዲያ፣ «አቶ ጀምበሬ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ ብለህ የመከርከን አንተ አልነበርክም?» አላቸው።

«እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ከሁላችሁ ቀድሜ የተነሣሁት። ልጅ አስተምረን፣ አስመርቀን፣ ከዚያ ‹ቁጭ ብለሽ ጥሪ ጠብቂ› አልናት። ጥሪው የሚመጣው ከአንድ በር ብቻ መሰለን።»

ወይዘሮ ሬሕማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሺ፣ ልጄ ወረቀቷን አወጣች እንበል። ሥራው የት አለ? አንተ ትሰፋላታለህ?»

ሰዎች ሳቁ፤ አቶ ጀምበሬም አብረው ሳቁና መለሱ። «ሥራ በልክ አይሰፋም፣ እትዬ ሬሕማ። ግን ቁጠሪ። በዐረብኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያቃታቸው የእኛ ልጆች ስንት ናቸው? ካፉሪ የሚሠሩ እህቶቻችን የፈረሙበትን ውል፣ የሚውጡትን መድኃኒት ማንበብ አይችሉም፤ አርብ እረፍታቸው ነው፣ የሚያስተምራቸው የለም። ተማሪ ሞልቷል፤ አስተማሪም ሞልቷል፤ መሐል ላይ የቆምነው እኛ ነን። ዋናው ወረቀት በተመራቂው እጅ ይሁን፤ ቅጂው ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ። የግማሽ ቀን ሥራ ያገኘን ልጅ አናሳፍር። ሥራው እጇ እንዳይረሳ፣ ስሟ እንዲሰማ፣ እናቷም እንድታርፍ ያደርጋል። እኔ ማልጄ ሱቄን የአርብ መማሪያ ክፍል አድርጌዋለሁ፤ ማሽኖቹን ወደ ጥግ ገፍቻለሁ። እሑድ በሁለት ሰዓት የትምህርት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ወረቀቱን ለማውጣት የፈራ ካለ አብሬው እገባለሁ።»

እሑድ አሥራ አንድ ሰዎች መጡ፤ ሌሎቹም ከሳምንት በኋላ። ሁሉም ሥራ አገኘ ብላችሁ ውሸት አልነግራችሁም። ምስጋናው እስከ ረመዳን ድረስ ሲሚንቶ ተሸክሟል፤ ኋላ ነው አንድ ቤተሰብ ልጆቻቸውን እንዲያስጠና የወሰደው። ሀዋ የአርቡን ክፍል ያዘች፤ ባለ ቪላዋ አሠሪዋም ስትሰማ፣ «አስተማሪ መሆንሽን ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ የእህቷን ልጆች አመጣችላት። ወጣቶቹ እርስ በርስ ወሬ መቀባበል ጀመሩ፤ ክፍት ቦታ ያየ ለሌላው ይደውላል። ድሮ ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ተቀምጦ ስልኩን ብቻ ነበር የሚያየው።

በሦስተኛው ወር ዘመናይ አቶ ጀምበሬ ሱቅ በር ላይ ብቅ አለች።

«ዐሞ፣ መምህር ሰሎሞን ደወለልኝ። አንድ አስተማሪ አገር ቤት ገብታ ቦታ ተከፈተ፤ ቅጂዬን አይቶ ነው የደወለው።»

አቶ ጀምበሬ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ተመስገን! መቼ ትገቢያለሽ?»

«አልገባም። ‹ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቼ ይጠብቁኛል፤ ሙሉ ቀን አልችልም› አልኩት።»

ዓመት ከአራት ወር ሙሉ የለመኑት ቦታ ነው። ሽማግሌው ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጅቷን አዩዋት፤ ዘጉት። ከዚያም እንደገና ከፈቱት።

«ታዲያ ለቦታው የሀዋን ስልክ ቁጥር ሰጥተሽዋል?»