አያ ውብነህ አልቆርብም ያሉ ለት

በኛ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ቄስ ይቀድሳል፣ ሕዝብ ያስቀድሳል፣ አለቀ። መጠየቅ የሚባል ነገር አልነበረም። አንቺ ሰናይት፣ ያን የምትቀርጪበትን ስልክሽን ጠጋ አድርጊው እንጂ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ድሮማ! ቤተ ልሔም ዜማ ትምህርት ቤት ገብቼ ሰባት ዓመት ድጓ ተምሬ ስመለስ፣ የኔ ድምፅ ሦስት ሸለቆ አቋርጦ ይሰማል ይሉ ነበር። ውሸታቸውን ነው። ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ ሴቶቹ «አፍዎን ማር ያርገው አባ» ይሉኛል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ቤቴ እገባለሁ። ምን እንዳልኩ የገባው ሰው አለ ወይ ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። አንድ ቀን!

ታዲያ ይህ የምነግራችሁ በደርግ ጊዜ ነው። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ የመድኃኔዓለም ደብር ነበር የማገለግለው። እና አያ ውብነህ የሚባሉ የነፍስ ልጅ ነበሩኝ። ልጅ ስላችሁ በዕድሜ አባቴ ናቸው፤ የንስሐ አባታቸው ስለሆንኩ ነው። ጾም የማይገድፉ፣ ሰንበት የማይሽሩ፣ ከኔ ቀድመው ደጀ ሰላም የሚደርሱ ሰው ነበሩ።

አያ ውብነህ ቀድሞ የአማኑኤል ማኅበርተኛ ነበሩ። ማኅበር ታውቃላችሁ፤ በየወሩ በሃያ ስምንት ጽዋውን ተራ በተራ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ፣ ዳቦውን ይቆርሳሉ። ካሳ የሚባል ጎረቤታቸውም የዚያው ማኅበር ሰው ነበር። በጽዋ ወንድማማች ናቸው። ታዲያ ደርግ መሬት ሲደለድል፣ ከአያ ውብነህ የገብስ ማሳ ግማሹ ለካሳ ደረሰው። ካሳ አልጠየቀም፣ ገመድ የያዙት ናቸው ለክተው የሰጡት። አያ ውብነህ ግን «እምቢ አይልም ነበር? አፍ የለውም?» አሉ፣ ተቀየሙ። እና ጽዋው በሳቸው ተራ ላይ ነበር፤ ሃያ ስምንት ቀን ሰው ተሰብስቦ ሲጠብቅ፣ ጽዋውን በሚስታቸው በእመት ዘነቡ መልሰው ላኩት። ባዶውን! ሰማችሁ? ባዶውን! በኛ አገር ይህ ሰውን በአደባባይ በጥፊ ከመምታት ይብሳል። በወሩ የመድኃኔዓለምን ማኅበር ገቡ፣ ሃያ ሰባት መሆኑ ነው። የማኅበሩ ባራኪ እኔ ነኝ፤ «እሰይ!» ብዬ ተቀበልኳቸው። ለምን መጡ፣ ከማን ተጣሉ፣ አልጠየቅኩም። የእመት ዘነቡ ጠላ ጥሩ ነበር፣ ምን ልበላችሁ። አትሳቁ! እንዲህ አድርጌ ሰባት ዓመት ኖርኩ።

ታዲያ ኅዳር ላይ፣ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ሳለ፣ አያ ውብነህ ታመሙ፣ ጠናባቸው። ቅዳሜ ረፋድ ሄድኩ። መደብ ላይ ተጋድመዋል፣ አጥንታቸው ቀርቷል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ንስሐ ሰጠኋቸውና «እንግዲህ አያ ውብነህ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሥጋ ወደሙን ይዤ እመጣለሁ፣ ይቆርባሉ» አልኳቸው።

«አልቆርብም» አሉ።

እኔ ትኩሳቱ ነው አልኩና «ምን አሉ?» አልኳቸው።

«አልቆርብም አልኩ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ አባ። ይኸ የሚያመጡልኝ ሥጋና ደም የማናቸው ነው? የመድኃኔዓለም ነው ወይስ የአማኑኤል?»

ክው አልኩ። ክው!

እሳቸው ግን ቀጠሉ። «የመድኃኔዓለም ከሆነ አማኑኤል ‹ኧረ! ጽዋዬን ባዶ መልሶ እሱ ዘንድ ሄዶ ቆረበ› ብሎ ይብስ ይቀየመኛል። የአማኑኤል ከሆነ ደግሞ በየት ዓይኔ እቀበለዋለሁ? እሱ ዘንድ ካሳ አለ። ካሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሲከሰኝ ኖሯል። እኔ እኮ መድኃኔዓለምን የያዝኩት ጠበቃ ይሆነኛል ብዬ ነው። አሁን ግን ሞቴ ሲቀርብ ፈራሁ። ሁለቱ በኔ ነገር ቢጣሉስ?»

እኔ ሰባት ዓመት ድጓ! ሰባት ዓመት ባራኪ! «አያ ውብነህ፣ አንድ እኮ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንድማ ናቸው» አሉ፣ እሺ እንደማለት። «ጎረቤት አይደሉ? ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት። ፍቅራቸውን እሰማለሁ።»

«ጎረቤት አይደሉም! አንድ አካል ናቸው፣ አንድ ሰው፣ እሱው ራሱ!» አልኩና በድንጋጤዬ በግእዝ ጀመርኩ፣ ያወቅኩትን ሁሉ በዜማ አወረድኩት። አያ ውብነህ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ድምፅዎ መድኃኒት ነው አባ። ግን የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም» አሉኝ።

እመት ዘነቡ ምድጃው ጥግ ተቀምጣ ነበር። ቀስ ብላ «አባ፣ ባለወልድስ?» አለችኝ።

«እሱም እሱ ነው።»

«ሃያ ዘጠኙ?»

«ሃያ ዘጠኙ እሱ ነው።»

«በስመ አብ! እስቴ ያለውስ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ለልጄ ስለት የተሳልኩበት?»

«ኢየሱስ እሱ ነው እመት ዘነቡ። አማኑኤልም፣ መድኃኔዓለምም፣ ባለወልድም እሱው ኢየሱስ ነው። ከእመቤታችን የተወለደው፣ የተሰቀለው፣ የተነሣው፣ አንዱ።»

በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩንም?» አለች። ተቆጥታ አልነበረም እኮ፣ እውነቷን ገርሟት ነው የጠየቀችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬም ያ ቃሏ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል፣ ይኸው ዳስሱት።

ታዲያ ምን ላድርግ? ሰውዬው ሊሞቱ ነው፣ ሳይቆርቡ ሊሄዱብኝ ነው። ግእዙን ተውኩት። «አያ ውብነህ» አልኳቸው፣ «እመት ዘነቡ ማን ብላ ነው የምትጠራዎት?»

«አንቱ ነው የምትለኝ። ስሜን አትጠራም።»

«ልጆችዎስ?»

«አባባ።»

«የገበሬ ማኅበሩስ?»

ሊስቁ ሞከሩ፣ ሳል ያዛቸው። «ጓድ ውብነህ ይሉኛል፣ የነሱ ነገር!»

«ታዲያ ስንት ሰው ነዎት?»

አንድ ጣታቸውን ቀስረው አሳዩኝ።

«አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከኛ ጋራ ነው ማለት ነው። መድኃኔዓለም ማለት የዓለም መድኃኒት ማለት ነው። ከኛ ጋራ የሆነውም ያዳነንም አንዱ ነው። በዓሉን ነው በየቀኑ የምናከብር እንጂ፣ እሱን ለየቀኑ አልቆራረስነውም» አልኩ።

እኔ እንግዲህ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አያ ውብነህ ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «እሱው ነው?» አሉ። «በሃያ ሰባት የዘከርኩትና በሃያ ስምንት ጽዋውን ባዶ የመለስኩበት እሱው ነው? ሰባት ዓመት በአንድ እጄ እያጎረስኩት በአንድ እጄ ስገፋው ኖርኩ በሉኛ! ካሳን ጥሩልኝ። ካሳ ሳይመጣ አልቆርብም።»

ይህን ማን አስተማራቸው? እኔ አይደለሁም። እኔ አንድ ነው አልኩ እንጂ ከካሳ ታረቁ አላልኩም። ያቺን ራሳቸው ደረሱባት።

ወጣሁ፣ ሮጥኩ፣ ጥምጥሜ እየተፈታ። ካሳ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። በዚያን ጊዜ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ረግጦ መውጣት ያሳስር ነበር፣ ቄስ ገብቶ ማቋረጥማ አይታሰብም። እኔ ግን ዘው ብዬ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ቄሱ! እዚህ ቅዳሴ የለም!» አለኝ፣ ሰው ሳቀ።

«ካሳን ነው የምፈልገው። አያ ውብነህ እየሞቱ ነው፣ ይጠሩታል» አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ካሳ ብድግ አለ።

«ጓድ ካሳ፣ ተቀመጥ!»

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ ካሳ፣ «ተቀምጬ ከሚሞትብኝ ሄጄ ብታሰር ይሻለኛል» አለና ወጣ። ኋላ ሁለት ቀን ታስሮባታል፣ አንድም ቀን አንስቷት አያውቅም።

መንገድ ላይ አያ ውብነህ ያሉትን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ካሳ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «አባ፣ ታዲያ እኔ ሃያ ሰባት ሃያ ሰባት ቀን ከቤቴ የማልወጣው ለምን መሰልዎት? መድኃኔዓለም ለውብነህ ወግኖ መብረቅ ይጥልብኛል ብዬ እኮ ነው! የርስዎን ደብር ከሳለምኩ ሰባት ዓመቴ» አለኝ።

ልጆቼ፣ እዚያች መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ገበሬ አንዱን ጌታ ለሁለት ተካፍለውት፣ አንዱ የኔ ነው አንዱ ያንተ ነው ብለው ሲፈራሩ፣ እኔ መሃላቸው ቆሜ ስዘምር ነበር!

ካሳ የአማኑኤል ጽዋ ካለበት ቤት ጎራ ብሎ አስሞልቶ ያዘ። ስንገባ አያ ውብነህ ቀና ለማለት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ካሳ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ፣ እሳቸው ራሱን ሳሙት። ጽዋውን ሊያቀምሳቸው ሲል እኔ «ተው! ነገ ይቆርባሉ!» ብዬ ጮህኩ። አመሌ ነው፣ ታውቁኛላችሁ። አያ ውብነህ ግን «አልጠጣውም፣ ልያዘው ብቻ» አሉ። ያዙት። ሁለቱም እጃቸውን አድርገውበት ቆዩ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ቆረቡ። ሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት «አባ፣ ሌላውም ሰው እንደኔ ይሆናል። በአማርኛ ንገሯቸው» አሉኝ።

ታዲያ በሳምንቱ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ማንም እንዳይሄድ አልኩና ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ «አማኑኤል ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ሽማግሌ «ሃያ ስምንት» አለ፣ ሌላው «የመድኃኔዓለም ታናሽ» አለ፣ አንዲቱ ደግሞ «ከዋርካው ማዶ ያለው» አለች፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማለቷ ነው። ሳቅ የለም፣ ሁሉም ከልቡ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሬ ዜማዬን አሳጠርኩ፣ ትምህርቴን አስረዘምኩ። ሊቀመንበሩ ሰው ሰብስበህ ምን ትላለህ ብሎ ስንቴ ጠራኝ! አልተውኩም።

የኔ ጥፋት ይኸ ነው እንግዲህ። ዛሬ ግን እናንተ ተምራችኋል፣ መጽሐፉ በእጃችሁ፣ ስልኩ በእጃችሁ። አንቺ ሰናይት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨረስሽ አይደል? እስቲ ንገሪኝ፣ ሥላሴ ማን ናቸው?

«ሥላሴማ ሰባት ናቸው አባባ። ትልቁ በዓላቸው ሐምሌ ነው።»

እግዚኦ! አንተ፣ ያን በር ዝጋው። ማንም አይወጣም!