ያላበው የጋሽ አባይነህ ግድግዳ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። የሚጠራጠር ካለ ወደ የካ ሚካኤል ይውጣና፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር የጋሽ አባይነህን ቤት ይጠይቅ፤ ግድግዳው አሁንም ቆሟል። ሚካኤልን ራሱን እማኝ እጠራ ነበር፤ ግን ለመታጠቢያ ቤት ጉዳይ መልአክ ማስቸገር ደግ አይመስለኝም።

ጋሽ አባይነህ አርባ ሦስት ዓመት ለሳኝ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ተዉ። ባለፈው ክረምት ግን ባለቤታቸው እማማ ሸዋረጋ ግቢው ጥግ ወዳለው መጸዳጃ ሲሄዱ ጭቃው አንሸራተታቸውና ጉልበታቸው ተጎዳ። ስለዚህ ከመኝታ ቤቱ ጋር የተያያዘ መታጠቢያ ቤት ተሠራ። ግንቡን ሌላ ሰው ገነባው፤ ልስኑን ግን ጋሽ አባይነህ ለማንም አልሰጡም። "የመጨረሻ ግድግዳዬ ነው" ብለው፣ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ለሰኑት። በላዩ ላይ ንጹሕ ሲሚንቶ በጥብጠው ቀቡና በብረት የልስን ማንኪያ እየተጫኑ አሹት።

እንዴት እንዳማረ ልንገራችሁ። አንድ ዝንብ ሊያርፍበት ሞክሮ፣ እግሩ መያዣ አጥቶ እስከ ወለሉ ድረስ ተንሸራቷል። ጎረቤት ሁሉ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ፣ ድምፁን ዝቅ እያደረገ ነበር የሚያየው።

ለጥር ሚካኤል አሥር ቀን ሲቀር ጋሽ አባይነህ መገናኛ ወርደው አንድ ካርቶን ሴራሚክ ለናሙና ገዙ። በዓሉን ለማክበር ልጆቻቸው ስለሚመጡ ቤቱ አልቆ እንዲያዩት ነበር ሐሳባቸው። ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ከቦርሳዋ የመዶሻ እጀታ ብቅ ያለ አንዲት ወጣት አጠገባቸው ነበረች። ስሟ ጊፍቲ ነው፤ ከሙያ ማሠልጠኛ ተመርቃ ሴራሚክ መለጠፍ እንጀራዋ ከሆነ ሦስት ዓመቷ። መንገዱን ሁሉ ስለ ግድግዳው አወሩላት። በጨዋነት ሰማቻቸውና ልስኑ ስንት ቀኑ እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። አራት ቀኑ ነው አሏት። እስኪ ልየው ስትል ደስ አላቸው፤ አፏን ከፍታ ልታደንቅልኝ ነው ብለው።

በእውነትም አፏን ከፈተች። ጫማዋን አወለቀች፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው።

"ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ልስን አይቼ አላውቅም" አለች፤ የምሯን ነበር። "ሴራሚክ ግን አይዝም።"

"ምን አልሽ?"

"ገና እርጥብ ነው። ልስን ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሳይደርቅ ከለጠፍንበት ሴራሚኩን ይዞ ይሰነጠቃል። አራት ሳምንት ይቆይ። ከዚያ ደግሞ በጣም ስለለሰለሰ በመሮ እንወቅረዋለን።"

ጋሽ አባይነህ ወደ መኝታ ቤቱ ዞሩ። "ሸዋረጋ፣ ሰማሽ? ይቺ ልጅ ግድግዳዬን ፈንጣጣ ላስይዘው ትላለች።"

እማማ ሸዋረጋ ካልጋቸው ሆነው፣ እስኪ አስጨርሳት አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር ረጅም ነው። እሳቸው አርባ ሦስት ዓመት ለስነው አንድም ግድግዳ እንዳልወደቀባቸው፣ እሷ ግድግዳው ሳይሆን የሚወድቀው ሴራሚኩ እንደሆነ፤ እሳቸው ልጆቻቸው ራቁቱን የቆመ ግድግዳ ሊያዩ እንደማይገባ፣ እሷ በዓል በየዓመቱ እንደሚመጣ ተናገሩ። አንዱ ሌላውን አላቋረጠም።

"የርስዎ ልስን ለመታየት የተሠራ ነው፤ አሁን ግን ሊሸከም ነው" አለች በመጨረሻ። "ሸክም የሚሸከም ሰው ትከሻው ላይ ሐር አያደርግም። ደግሞ እማማ በዚያ ጉልበታቸው ሲታጠቡ ሴራሚክ እግራቸው ላይ ቢወርድስ?"

እዚህ ላይ ሽማግሌው ወደ መኝታ ቤቱ በር ተመለከቱ። የመጨረሻ ሥራቸው በመሮ መበላቱ አንድ ነገር ነው፤ የሸዋረጋ እግር ሌላ። "አሳዪኝ" አሏት።

ጊፍቲ ጥርት ያለ ፌስታል ቀድዳ ግድግዳው ላይ ዘረጋችና ዳር ዳሩን በፕላስተር አሸገችው። ከበሩ ጀርባ፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ሁለት መዳፍ የምታህል ስፍራ ወቀረች፤ አቧራውን በብሩሽ ጠርጋ በእርጥብ ስፖንጅ አበሰች። አንዱን ሴራሚክ እዚያ ላይ፣ ሌላውን አጠገቡ ባለው ልስልስ ላይ በአንድ ዓይነት ማጣበቂያ ለጠፈች። ቅዳሜ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ አባይነህ ሲገቡ ፌስታሉ ከውስጥ በኩል ጤዛ ለብሷል። አንዳንዱ ጠብታ ሲወርድ ሌላው ከኋላው ይወለዳል። ባለቤታቸውን ደግፈው አመጡና ሁለቱም ፊት ለፊቱ ቆሙ።

"ሸዋረጋ፣ ይተነፍሳል" አሉ በሹክሹክታ።

ያን ሁሉ ዓመት ለስነው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው፣ ማንኪያቸውን አጥበው ይሄዱ ነበር። ከግድግዳ ጋር አድረው አያውቁም። ሕይወታቸውን በሙሉ የዳሰሱት ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ምስጢር መኖሩን በሰባ አንድ ዓመታቸው አዩ፤ እስከ ቀትር ድረስም ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

ቅዳሜ ጊፍቲ ስትመለስ፣ ልስልሱ ላይ የተለጠፈችው ሴራሚክ ማንም ሳይነካት በራሷ ጊዜ ወርዳ ነበር። ማጣበቂያው ሙሉውን ጀርባዋ ላይ ቀርቶ እንደ ግድግዳው ያብለጨልጫል። የተወቀረው ላይ ያለችውን ለመፈተን ዘጠና ኪሎ የሚመዝነው ጎረቤታቸው ሚሊዮን ሥጋ ቆራጩ ተጠራ። በጣቶቹ ጫፏን ይዞ ሁለት እግሩን ከመሬት አነሣ። ሴራሚኳ ንቅንቅ አላለችም፤ የተበጠሰው የሚሊዮን ቀበቶ ነው። እማማ ሸዋረጋ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ።

ጥር ሚካኤል መጣ፣ ግድግዳው ራቁቱን ነበር። ልጆቹ ሲገቡ ጋሽ አባይነህ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ፌስታሉን እያሳዩ ጤዛውን አስጎበኙ። ያን ወር ሁሉ ሸዋረጋን በክንዳቸው ደግፈው ግቢውን አሻገሩ። በአራተኛው ሳምንት አዲስ የተለጠፈው ፌስታል ደርቆ አደረ። ጊፍቲ መሮዋን ስታወጣ እጃቸውን ዘረጉ።

"ስጪኝ፤ ግድግዳው የራሴ ነው።"

ለልስን ያስቸገራቸው መንቀጥቀጥ ለመውቀር ተስማማ። በየሦስት ጣት ርቀት፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ስፍራ ሳይዘሉ ወቀሩት።

እንግዲህ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ የሲሚንቶ ልስናችሁን የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ አጠጡት፣ ከዚያ በትዕግሥት አድርቁት። በፌስታል ጠይቁት፤ አይዋሽም። ውቀሩት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ውሃ በሚወርድበት በኩል ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ቀቡት። እማማ ሸዋረጋ ዛሬ ቤታቸው ውስጥ ሞቅ ባለ ውሃ ይታጠባሉ፤ ሻጋታ የለ፣ ጭቃ የለ፣ አንዲትም ሴራሚክ አልተላቀቀችም። ጋሽ አባይነህም ሰፈር ውስጥ ልስን ሲለሰን ከሰሙ ፌስታል በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ሴራሚኳ በራሷ ጊዜ አልወረደችም። ዓርብ ዕለት፣ እማማ ሸዋረጋ ተኝተው ሳለ፣ ጋሽ አባይነህ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫፏን ነካ አደረጓት፤ ሙሉዋን መዳፋቸው ላይ መጣች። መልሰው ሊለጥፏት ይችሉ ነበር፤ ወለሉ ላይ አስቀመጧት።