የሴት መኪና ናት

ቮልሴን ልሸጥ ነው። ወደ ጎሬ ተዛውሬ የቀረኝ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ደላላው ገዢ ይዞ ላፍቶ ቤቴ ድረስ መጣና፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ «የሴት መኪና ናት! ከቤት ቢሮ እንጂ ሌላ መንገድ አታውቅም» ይለዋል። ያቺ መኪና ስንቴ ጅማ ደርሳ እንደተመለሰች የማውቀው እኔ ነኝ። ገዢው ግን ፊቱን አጨማደደ። «የሴት ከሆነችማ ፍሪሲዮኗ አልቋል። ሴት እግሯን ከፍሪሲዮን ላይ አታነሳም» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለደላላው። ደሜ ፈላ። ጊዜው ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳበት ነው፤ ለሙከራ ብሎ መንዳት ቅንጦት ነበር። ቢሆንም «ግቡ!» አልኳቸው።

ክረምት ነው፣ ከቤቴ በላይ ያለው ዳገት ጭቃ በጭቃ። መሀሉ ላይ ሆን ብዬ አቆምኩና የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ሁለቱም ዞረው ከኋላችን ያለውን ቦይ ያያሉ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቅቄ፣ አንድ ስንዝር ሳትንሸራተት አስነሳኋት። ገዢው «ጎበዝ ነዎት! ባለቤትዎ ናቸው ያስተማሩዎት?» አይለኝ መሰላችሁ! «እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በሉ ጓድ፣ አሁን እርስዎ ይሞክሩ» ብዬ መሪውን ለቀቅኩለት። እዚያው ዳገት ላይ ሦስቴ ጠፋችበት። በአራተኛው ወደ ኋላ ተንሸራተን ቦዩ ውስጥ ከመግባት ለጥቂት ዳንን። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ መኪናውን ሞላው። ላቡን እየጠረገ «እወስዳታለሁ» አለ።

ወደ ደላላው ዞርኩ። «እኚህ ሰውዬ መልሰው የሚሸጧት ቀን፣ ለገዢው እውነቱን ንገረው። የወንድ መኪና ናት በለው።»