በማዕዘኑ ቤት ስለፈረሰው የኮሪደር ግድግዳ የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ በሰፈሩ «እትዬ ሄሎ» ተብላ የምትጠራው (ሙሉ ስም ከመታወቂያዋ ግልባጭ ጋር ተያይዟል)
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ የስልክ ኦፕሬተር የነበረች፣ አሁን ጡረተኛ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ያለው የማዕዘን ቤት
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ አርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ጉዳዩ፦ ማክሰኞ ዕለት «ሰው ግድግዳ ሰብሮ እየገባ ነው» በሚል ከጎረቤት የደረሰ ጥቆማ

እኔ ቃል ሰጪ ከላይ በተገለጸው አድራሻ ነዋሪ ስሆን፣ የማውቀውን ሁሉ እውነቱን እንድናገር ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል በፈቃዴ ሰጥቻለሁ።

የምኖርበትን ቤት የሠራው አባታችን ነው። ልጆቹ ሁለት ነን፤ እኔና በአምስት ዓመት የምታንሰኝ እህቴ። ሁለታችንም ትዳር አልያዝንም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ስልክ ሳገናኝ ኖሬያለሁ፤ የሰፈሩ ሰው «እትዬ ሄሎ» የሚለኝ በዚሁ ነው። እህቴ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ቤቱ እስከ ዛሬ በሁለታችን ስም ነው።

እናታችን ካረፈች በኋላ ተጣላን። በምን እንደተጣላችሁ ተናገሪ ተብዬ ስጠየቅ፣ ማን ይበልጥ እንዳስታመመ ነው ብዬ መልሻለሁ። እሷ የምትለው አላት፣ እኔም የምለው አለኝ። ለዚህ ጉዳይ ስለማይጠቅም ዝርዝሩ እንዲቀር ጠይቄያለሁ። በመጨረሻ ቤቱን ለሁለት ለመክፈል ተስማማንና ኮሪደሩ መሐል ላይ የጡብ ግድግዳ ተሠራ። ጡቡን እሷ ገዛች፣ ለግንበኛው እኔ ከፈልኩ። ተስማምተን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው። እኔ በአስፋልቱ በኩል ያለውን በር ያዝኩ፣ እሷ ከጀርባ በጠባቡ መንገድ በኩል ያለውን። የራሷን ማድ ቤት አሠራች፣ የመብራት ቆጣሪም ለብቻዋ አስገባች። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። መንገድ ላይ ድንገት ከተያየን አንዳችን ወደ ማዶ እንሻገራለን።

ባንነጋገርም ውሎዋን አውቀዋለሁ። ግድግዳው ባለ አንድ ጡብ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ጠዋት ማንቆርቆሪያዋ ሲያፏጭ እሰማለሁ፤ ያኔ የኔን እጥዳለሁ። ነጠላ ጫማዋ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት፣ ጉንፋን ሲይዛት ስታስል፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ማታ ራዲዮዋን ስታጠፋ እኔም መብራቴን አጠፋለሁ። ከሌላ ሰው ጋር ትገናኛለሽ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ከዳቦ ሻጯ ጋር ሰላምታ እንለዋወጣለን ብያለሁ። ወደ ቤቴ የሚመጣ ሰው የለም። የቆጣሪ አንባቢው ይመጣ ነበር፤ አሁን እሱም ከውጭ ሆኖ ነው የሚያነበው።

ዘንድሮ የንብረት ግብር ግምት ሲታደስ አንድ ገማች መጥቶ ቤቱን ከውጭ ዞሮ አየው። ሁለት በር፣ ሁለት ቆጣሪ፣ ሁለት ማድ ቤት አገኘ። እንደ ሁለት ቤት መዘገበውና አንደኛውን የሚከራይ ነው አለ። የመጣው ግብር ከጡረታችን ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ካልተከፈለ ቤቱ ለሐራጅ እንደሚቀርብ ከማስታወቂያው ግርጌ ተጽፏል። የግብር ቢሮው ሄጄ ሰልፍ ይዤ ብናገር የሚሰማኝ አላገኘሁም። አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ በስልክ፣ እሷም በአንድ ወቅት በግምት ተበድላ እንደነበርና አንድ የቤት ግምት ባለሙያ ይግባኝ ጽፎ እንዳስቀነሰላት ነገረችኝ። የባለሙያው ቢሮ ከፋርማሲው በላይ ነው። ሄድኩ።

ባለሙያው ሜትሩን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ቤቱን ሲለካ ዋለ። የጎረቤት ቤቶችን ግምት አስተያየ። ስንጥቅ ያለበትን ሁሉ ፎቶ አነሳ። ኮሪደሩ ጫፍ ሲደርስ ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረና «እትዬ፣ ግምቱን የቆለለው ቤቱ አይደለም፤ ይሄ ነው» አለኝ። ግድግዳው ከፈረሰ ቤቱ አንድ ይሆናል፣ ሁለት እህትማማቾች የሚኖሩበት አንድ ቤት፤ ይግባኙንም እናሸንፋለን አለ። ነገር ግን የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልጋል።

እኔ አልሄድም አልኩት። እሱ ሄደ። የመጀመሪያ ቀን በሯን ከፍታ ሰምታው ዘጋችበት። በሁለተኛው «ከፈለገች ራሷ ትጠይቀኝ» ብላ ላከች። እኔም «አሥራ አንድ ዓመት ያልጠየቅኋትን ለግብር ብዬ አልጠይቃትም» ብዬ መለስኩ። ባለሙያው ደረጃዬ ላይ ተቀምጦ ላቡን እየጠረገ «እኔ የቤት ግምት ባለሙያ ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ለሽምግልናው ለብቻ ነው የማስከፍለው» አለ። ሳልወድ ሳቅሁ። እቤቴ ውስጥ ሰው ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር፤ ያውም የራሴን ሳቅ። በሦስተኛው ጊዜ እህቴ ፈረመች። «ይፍረስ። አቧራውን ግን እሷ ትጥረግ» ብላለች ብሎ ነገረኝ። የይግባኝ ኮሚቴው መርማሪ ሐሙስ ቤቱን ሊያይ ቀጠሮ ስለያዘ፣ ግድግዳውን ማክሰኞ ለማፍረስ ተቆረጠ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ከእሷ በኩል ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ለነገው ዕቃ እያነሳች መሰለኝ። ማታ ራዲዮው አልጠፋም፤ ጭራሽ ሲጮኽ አደረ። ለምን ሄደሽ አላየሽም ወይም ለምን ለፖሊስ አላመለከትሽም ተብዬ ስጠየቅ፣ ሆን ብላ እኔን ለማናደድ ያደረገችው መስሎኝ ነበር ብዬ መልሻለሁ። እኔም ተናድጄ ጆሮዬን በትራስ ሸፍኜ ተኛሁ። ጠዋት ማንቆርቆሪያዋ አላፏጨም። የኔንም ሳልጥድ ቀረሁ።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ባለሙያውና ለማፍረሱ ያመጣው ግንበኛ መጡ። ባለሙያው በጀርባ ዞሮ በሯን አንኳኳ፤ መልስ የለም። በሩ ብረት ነው፣ ከውስጥ ተቀርቅሯል። መስኮቶቹም የብረት ፍርግርግ አላቸው። ተመልሶ መጥቶ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ስልኳ ላይ ደወለ። ስልኩ ከግድግዳው ማዶ ሲጮኽ ሦስታችንም ሰማን። ጮኾ ጮኾ ቆመ። ባለሙያው «ወጥታ ይሆናላ፣ ስልኳን ረስታ» አለ። እኔ ግን ራዲዮዋን ከፍታ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ልትወጣ እንደማትችል ነገርኩት። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ሰው እያለ የማይነሳ ስልክና ሰው በሌለበት የሚጮኽ ስልክ ለኔ አንድ አይደሉም። እንዴት እንደሚለያዩ ቃሌን ለሚቀበለው የፖሊስ መርማሪ ላስረዳው አልቻልኩም።

ግንበኛው መሣሪያውን ዘርግቶ ሲያበቃ «ባለቤቲቱ ሳትኖር ጡብ አልነካም፤ ነገ ብትከሰኝስ?» ብሎ እጁን አጣጠፈ። በእሱም አልፈርድም። እኔ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ አፌን ልስኑ ላይ አድርጌ ተጣራሁ። በስሟ ልጠራት ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሚጣ» የሚለው ነው። ልጅ ሆና የምንጠራት እንደዚያ ነበር። ባለሙያው ራዲዮው ስለሚጮኽ አትሰማሽም አለኝ። ደግሜ «ሚጣ! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ከግድግዳው ግርጌ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ አንድ ነገር ኳ አለ። ግንበኛው «አይጥ ነው» አለ። ሁለተኛ ጊዜ ኳ ሲል ግን እሱም ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

መዶሻውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልረዳኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስመታው ልስኑ ብቻ ረገፈ፣ ክንዴም ደነዘዘ። መምታቴን ቀጠልኩ። የመጀመሪያው ጡብ ወደ ማዶ ሲወድቅ ግንበኛው መዶሻውን ከእጄ ነጠቀና «ዞር በሉ እናቴ፣ እሷ ላይ ነው የሚወድቀው» ብሎ ጡቦቹን ወደኛ እየሳበ በጥንቃቄ ያወጣ ጀመር። ባለሙያው የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እየተቀበለ ደረደረ። ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ሲከፈት በመጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ።

ወለሉ በሙሉ ጋዜጣ ለብሷል። አቧራውን እሷ ትጥረግ ያለችው ሴት እኔ እንዳልቸገር ከዳር እስከ ዳር አንጥፋበታለች። ግድግዳውን ተደግፎ የነበረውን የእናታችንን ቁም ሣጥን ለብቻዋ ገፍታ ልታነሳው ስትሞክር ነው የተገለበጠባት። ከወገቧ በታች ተይዛለች። እጇ ውስጥ ማንኪያ ነበር፤ የምታንኳኳው በሱ ነው። ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗን ከፍታ ትክ ብላ አየችኝና «ሸበትሽ እኮ» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ባለሙያው እንደሚናገረው «ዝም በይ፣ አትነቃነቂ» ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

ቁም ሣጥኑን ሦስታችን አነሳነው። ባለሙያው አምቡላንስ ጠራ። ከአምቡላንሱ ቀድሞ ፖሊስ ደረሰ፤ ከጀርባ የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ደውሎ ኖሯል። በጠቋሚው ላይ ቅሬታ አለሽ ወይ ተብዬ ስጠየቅ የለኝም ብያለሁ። ጥቆማው ትክክል ነው፤ ግድግዳ ሰብሬ ገብቻለሁ። እንዲያውም ከዚያ ቤት የሚወጣ ድምፅ የሚሰማ ሌላ ሰው እንዳለ ሳውቅ ደስ ብሎኛል።

ሐኪሙ ዳሌዋ እንደተሰበረ ነግሮኛል። ረቡዕ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ከሆስፒታል ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል፣ ለመራመድ ደግሞ ከዚያም በላይ። ረቡዕ ማታ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ብዙ የምናወራው ይኖረናል ብዬ ሄጄ፣ የምናወራው አጣን። «ስጠራሽ አደርኩ» አለችኝ። «ራዲዮሽ ጮኸብኝ» አልኳት። እሱን ካልን በኋላ ነርሷ እስክታስወጣኝ ድረስ ሁለታችንም የግሉኮሱን ጠብታ ስናይ ቆየን።

ባለሙያው የሐሙሱን ቀጠሮ እናስተላልፍ ብሎኝ ነበር፤ አይሆንም አልኩ። ቤቱ ከሄደ እሷም ስትድን መግቢያ የላትም። የኮሚቴው መርማሪ መጥቶ በተከፈተው በኩል ገባ። በወዲያኛው በኩል ያሉትን ክፍሎች እንዳሳየው ጠየቀኝ። እኔም ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የማያቸው፤ አስጎብኚ ሆኜ አብሬው ጎበኘሁ። ማድ ቤቷ ውስጥ ታጥቦ የተደፋ አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ ነበር። «ማን ማን ነው የሚኖረው?» ሲለኝ «እኔና እህቴ» አልኩት። ይህን ብዬ ውኃ ልጠጣ ዞር አልኩ። መርማሪው ለካና አንድ መኖሪያ ቤት ብሎ መዘገበ። ውሳኔው ወደፊት በደብዳቤ ይደርሰናል፤ ባለሙያው ግን አለቀ፣ አሸነፍን ብሎ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። ከወዲያ የሚመጣ ድምፅ የለም፤ ጆሮዬን የማስጠጋበት ግድግዳም የለም። ጡቦቹን ቁጭ ብዬ ደጅ ስደረድር አመሸሁ።

በመጨረሻ ወደ እህቴ ክፍል የገባሁት በእሷ ፈቃድ ስለመሆኑ ተጠይቄ፣ ግድግዳው እንዲፈርስ ፈርማለች፣ እኔ በመዶሻ እንድገባ ግን ማንም አልፈቀደልኝም ብዬ መልሻለሁ። የፖሊስ መርማሪው ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ሄዶ ይህንኑ እሷንም እንደጠየቃት ነገረኝና መልሷን ከጻፈበት ወረቀት አነበበልኝ። «ወደ ገዛ ቤቷ ለመግባት የማን ፈቃድ ሊያስፈልጋት ነው?» ብላለች። ደግሞ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት፤ አነበበልኝ። ሌላ ያለችው ነገር ይኖር እንደሆነ ስጠይቀው፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንደወሰዳት ነገረኝ። መልሷ በእኔም ቃል ውስጥ እንዲገባልኝ ለምኜ ገብቶልኛል።

የምጨምረው የለኝም። ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ተነቦልኛል፤ የተናገርኩት ነው፣ ያልሆነ ነገር አልተናገርኩበትም፣ ብጠየቅበትም አላፍርበትም ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የቃል ተቀባይ መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል