ያልወለደች አራስ

አውቶቡስ ላይ የሰው ወሬ ስትሰሙ መውረጃችሁ አልፏችሁ ያውቃል? ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ስሄድ፣ አንዲት ሴትዮ አጠገባቸው ቅቤ ታቅፈው የተቀመጡትን ሰውዬ ጠየቁ።

«ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ቅቤ ለአራስ ነው?»

«ለልጄ ነው።»

«እልል! ምን ወለደች?»

«ኧረ እትዬ፣ እሷ ገና ተማሪ ናት! ነቀርሳ ይዟት፣ አዲስ አበባ ታክማ ዳነች። አሁን ከመኝታ አናስነሣትም፤ ገንፎ ነው የምናበላት።»

«ሐኪሙ ተኚ አላት?»

«በየቀኑ ትራመድ ነው ያለው። እንዳትወድቅ ፈርተን ነው።»

«ብትወድቅ ትነሣለች። ተኝቶ የሰለለ እግር ግን በገንፎ አይቆምም። ጃንሆይ ይሙቱ፣ ነቀርሳው የማራትን እናንተ ልትጨርሷት ነው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዛሬ እስከ ደጃፍ፣ ነገ እስከ ቡናው ማስጫ ትሂድ። ቅቤውን እርስዎ ይብሉት፤ አራሱ እርስዎ ነዎት!»

እኔ መውረጃዬ አልፎኝ ስለነበር ወርጄ መንገዱን በእግሬ ተመለስኩ፤ እስቲ እናንተም ሞክሩት።