የወንዱ እርምጃ

(አዳማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በጡረተኛዋ አዋላጅ ነርስ በአስካለ ሳሎን፤ ለሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ የሆነችው ድንቅነሽ ነጠላዋን ሳታወርድ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።)

ድንቅነሽ፦ የወንዱን እርምጃ ሦስት ቀን ብቻ አለማምጂልኝ አስኩ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ከዚያ በኋላ ስሙንም አላነሣብሽም።

አስካለ፦ የማንን ስም?

ድንቅነሽ፦ ነገርኩሽ እኮ። የአቶ ገረመውን።

አስካለ፦ ሰምቻለሁ። ደግመሽ ስትጠሪው አፍሽን ያዝ ያደርግሽ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።

ድንቅነሽ፦ ሰውየው የዋልስ ዳንሱን ትንሽ ትንሽ ይሞክራል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ነው የሚጠፋው። ትናንት ሁለቴ ረገጠኝ። አርባ ዓመት መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ የራሱን እርምጃ መለካት ያቅተው?

አስካለ፦ የዳንስ መምህሩ ናትናኤል አለ አይደል?

ድንቅነሽ፦ አሥራ አምስት ሰው ይዞ የቱን ያዳርስ? ደግሞ «የወንዱን እርምጃ እንደ አስካለ የሚያውቅ የለም፣ እሷን ጠይቋት» ያለን እሱ ነው።

አስካለ፦ እውነቱን ነው። ለምን እንዳወቅሁትስ ነግሯችኋል?

ድንቅነሽ፦ እሱን ደግሞ አሁን ምን አመጣው?

አስካለ፦ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ባልሽ ካረፈ በኋላ ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወርድም አልሽ። ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ሲልሽ መንገድ ለመንገድ እንደ እብድ አልዞርም አልሽ። የዳንስ ትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ አይቼ፣ እጅሽን ይዤ ሦስት ፎቅ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። የተመዘገበው ሴት ብቻ ሆኖ ተገኘ። መምህሩ ከየጥንዱ አንዷ የወንዱን ትማር ሲል አንቺ ምን አልሽ?

ድንቅነሽ፦ በዚህ ዕድሜዬ ወንድ አልሆንም አልኩ።

አስካለ፦ እኔስ?

ድንቅነሽ፦ እኔ እሆናለሁ አልሽ። ሁላችንም ሳቅን። አንቺም ስቀሻል።

አስካለ፦ ስቄያለሁ። ስምንት ወር ሙሉ እኔ ወደፊት እየሄድኩ አንቺ ወደ ኋላ ሄድሽ። ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠግተን እዚችው ምንጣፍ ላይ ስንት ቀን ተሽከረከርን? ለዳንስ ትምህርት ቤቱ የበዓል ትርኢት ሰማያዊ ቀሚስ ስታሰፊ አብሬሽ ልብስ ሰፊው ጋ የተመላለስኩ እኔ ነኝ።

ድንቅነሽ፦ አልካድኩም እኮ።

አስካለ፦ ሐሙስ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የትርኢቱ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። መነጽሬን አውጥቼ ስሜን ካንቺ ጎን ፈለግሁት። ካንቺ ጎን አቶ ገረመው አለ። እኔ ታች ነኝ፣ ብቻዬን። ምን እንደሚል አይተሻል?

ድንቅነሽ፦ አላየሁም።

አስካለ፦ «ወይዘሮ አስካለ፣ እንግዳ ተቀባይ» ይላል። በር ላይ ቆሜ ለሰው ወንበር ላሳይ ነው።

ድንቅነሽ፦ እሱን መምህሩ ነው የጻፈው። እኔ እንደዚያ ይደረግ አላልኩም።

አስካለ፦ ጠየቅሁት። ምስኪን፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንቺ ለብቻው ጠርተሽ እንዳነጋገርሽው፣ «ከአስካለ ጋር ተስማምተናል፣ እሷም ጉልበቷን ታማለች» እንዳልሽው ነገረኝ። ጉልበቴን መቼ ነው የታመምኩት?

ድንቅነሽ፦ ባለፈው ደረጃው ላይ ታነክሺ ነበር።

አስካለ፦ ጫማዬ ጠቦኝ ነው።

አስካለ፦ ናትናኤልን ካነጋገርሽው በኋላም እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ እየመጣሽ ተለማምደሻል። ስመራሽ ትስቂያለሽ፣ ሻይ ትጠጫለሽ፣ ስመሽኝ ትሄጃለሽ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው።

ድንቅነሽ፦ ልነግርሽ ስል አፌ እየተያዘ ነው። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ያቺ ምራቴ ታውቂያታለሽ፣ ስልኳን ደግና ነው የምትቀርጸው። ባሏ የሞተባት ሴት ከጎረቤቷ ጋር ተቃቅፋ ስትዞር አይታ ምን ትላለች ብዬ ፈራሁ።

አስካለ፦ ከጎረምሳ ቀያሽ ጋር ስትዞሪስ ዝም ትላለች?

ድንቅነሽ፦ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

አስካለ፦ ዕድሜውንም አጣርተሻል ለካ።

ድንቅነሽ፦ እንግዲህ ልንገርሽ፤ ከዚህ በላይ የምትጠይኝ አይመስለኝም። አንድ ቀን፣ ገና ትምህርቱን በጀመረ በሳምንቱ፣ አዳራሹን አቋርጦ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝና «ይፈቅዱልኛል ወይ?» አለኝ። ማንም ልኮት አይደለም። አዝኖልኝም አይደለም፤ ባሌ መሞቱን እንኳን አያውቅም። ፈልጎኝ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ፈለገኝ አስኩ።

አስካለ፦ እኔ ታዲያ ምጽዋት ስሰጥሽ ነው የኖርኩት?

ድንቅነሽ፦ አንቺማ እህቴ ነሽ።

አስካለ፦ እህትሽ አይደለሁም። ማለማመጃሽ ነኝ።

ድንቅነሽ፦ ማን አለ?

አስካለ፦ ትናንት ከትምህርት ስንወጣ እኔ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ቁጭ ብያለሁ። እናንተ ከላይ ትወርዳላችሁ። ሰውየው፣ እውነቱን ለመናገር ጨዋ ነው፣ «ጓደኛዎ አይከፋቸውም ወይ?» ብሎ ጠየቀሽ። ምን ብለሽ መለስሽለት?

ድንቅነሽ፦ አላስታውስም።

አስካለ፦ እኔ አስታውሳለሁ። «አስካለ እኮ ማለማመጃዬ ናት» አልሽው። ስቀሽ ነው ያልሽው። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እስክታልፉ ደረጃው አጠገብ ካለው በር ኋላ ቆምኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ካንቺ ስደበቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ድንቅነሽ፦ አስኩዬ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል...

አስካለ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሐሙስ አንቺ ሳትደርሺ ናትናኤል አዝኖ «ይምጡ፣ እኔ አብሬዎት እደንሳለሁ፣ በዝርዝሩ አስገባዎታለሁ» አለኝ። ሙዚቃው ሲጀምር እሱ ወደፊት መጣ፣ እኔም ወደፊት ሄድኩ። ደረቴ ከደረቱ ጋር ተጋጨ። እንደገና ሞከርን። እንደገና ተጋጨን። ልጃገረዶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። እግሬ ወደ ኋላ መሄድ አያውቅም ድንቄ። ላንቺ ብዬ የተማርኩት ከወንድ ጋር እንዳልደንስ አደረገኝ፤ አንቺ ደግሞ ከሴት ጋር አልደንስም አልሽ። እንግዲህ ከማን ጋር ልደንስ?

ድንቅነሽ፦ ይቅር በይኝ። አሁኑኑ እደውልለታለሁ። ቀርቷል እለዋለሁ፤ ከአስካለ ጋር ነው የምደንሰው እለዋለሁ።

አስካለ፦ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ?

ድንቅነሽ፦ ላንቺ ስል።

አስካለ፦ ለእኔ ስትይ አላልኩም። ትፈልጊያለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።

ድንቅነሽ፦ አልፈልግም። ከዚህ በላይ አልዋሽሽም። ከእሱ ጋር ነው መደነስ የምፈልገው።

አስካለ፦ እሺ። ከመጣሽ ጀምሮ የተናገርሽው እውነት ይኼ ብቻ ነው።

ድንቅነሽ፦ ተቆጪኝ እንጂ።

አስካለ፦ የግራ ጆሮሽ እንደማይሰማ ያውቃል?

ድንቅነሽ፦ የምን ጆሮ?

አስካለ፦ በልጅነትሽ መግል ይዞ የደነቆረው። መታጠፊያው ላይ ግራሽ ወደ ሙዚቃ ማጫወቻው ሲዞር ምቱ ይጠፋብሻል። ናትናኤልም አያውቅም፤ ደብቀሽዋል። ስምንት ወር ሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ጀርባሽን በመዳፌ ጫን የማደርግሽ ለምን ይመስልሻል?

ድንቅነሽ፦ አመራርሽ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አስካለ፦ ሰውየው አልረገጠሽም። አንቺ ነሽ ምቱን ያጣሽው።

ድንቅነሽ፦ ነግረሽኝ አታውቂም እኮ።

አስካለ፦ እንዳታፍሪ ብዬ ነው።

ድንቅነሽ፦ አስኩ፣ እንግዲህ ምን ልበልሽ?

አስካለ፦ ምንም አትበይ። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ይምጣ። ሐሙስም፣ ቅዳሜም ይምጣ። የት ላይ ጫን እንደሚያደርግሽ አሳየዋለሁ፤ በልጆችሽ ፊት ስትወድቂ ማየት አልፈልግም። አንቺ ግን አብረሽው እንዳትመጪ። ማክሰኞም፣ ከዚያ በኋላም።